አንድ መጽሐፍ ሻጭ 22,000 ፓምፍሌት ከመጥፋት እንዴት አዳነ? የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የጉዳይ ጥናት

ተነብቦ የሚጣል ወረቀት አለ። ሰው ገዝቶ ያነበዋል፤ ለጎረቤት ያውሰዋል፤ ከዚያ ዕቃ ይጠቀለልበታል ወይም እሳት ይያያዝበታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥና ፓርላማ ሲዋጉ የወጡት የፖለቲካና የሃይማኖት ፓምፍሌቶች፣ ማለትም ጥቂት ገጽ ያላቸው ርካሽ ሕትመቶች፣ ዕጣም ይኸው ነበር። ዛሬ ግን ከ22,000 በላይ የሚሆኑት ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛሉ። ያስቀመጣቸው ጆርጅ ቶማሰን የሚባል የለንደን መጽሐፍ ሻጭ ነው።

ስለ ትልልቅ ስብስቦች ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የሰብሳቢው ምርጫና ገንዘብ ነው። ቶማሰን ገንዘብ አውጥቷል፤ ሥራውን ልዩ ያደረገው ግን አንድ ተራ የሱቅ ልማድ ነው። ሳይመርጥ ያገኘውን ይገዛል፤ ቀኑንም እዚያው ይጽፍበታል። ያው ልማድ በኋላ የታሪክ ጸሐፊዎችን እንዳሳሳተም እናያለን። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዳራው

በእንግሊዝ የማተም መብት ለረጅም ጊዜ በጥቂቶች እጅ ነበር። የለንደን አታሚዎችና መጽሐፍ ሻጮች ማኅበር በ1557 ከዘውዱ ቻርተር አገኘ። ከዚያ በኋላ ከዩኒቨርሲቲዎቹና ልዩ ፈቃድ ካላቸው ጥቂት ሰዎች በቀር ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ሰው ማተም አይችልም ነበር። ማኅበሩ ተፎካካሪ አያገኘውም፤ መንግሥትም የማይወደው ጽሑፍ እንዳይወጣ ዘበኛ አገኘ። እከክልኝ ልከክልህ የሚባለው ዓይነት ስምምነት ነው።

ቁጥጥሩ በ1637 ጠበቀ። ጳጳሳትን የሚነቅፍ ጽሑፍ ያወጡ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠበቃ፣ አንድ ቄስና አንድ ሐኪም፣ ስታር ቻምበር በተባለው ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው በጁን ወር በአደባባይ ጆሯቸው ተቆረጠ። በሚቀጥለው ወር ያው ፍርድ ቤት የለንደን ዋና አታሚዎች ቁጥር ከ20 እንዳይበልጥ ወሰነ። ጽሑፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት በመርማሪ መታየት ነበረበት።

ይህ ሥርዓት ብዙ አልቆየም። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ 11 ዓመት ያለ ፓርላማ ገዝተው ነበር። ከስኮትላንድ ጋር የገጠሙት ጦርነት ገንዘብ ሲያሳጣቸው ግን በ1640 ፓርላማውን ለመጥራት ተገደዱ። በኖቬምበር የተሰበሰበው ፓርላማ በጁላይ 1641 ስታር ቻምበርን አፈረሰ። ፍርድ ቤቱ ሲፈርስ የ1637ቱ ትእዛዝም አስፈጻሚ አጣ።

የዘመኑ ፓምፍሌት አሠራር ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 8 ገጽ ይወጣዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት አንድ ወይም ጥቂት ሆኖ በክር ይሰፋል። ጠንካራ ሽፋን የለውም። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ፔኒ አይበልጥም። ትንሽ ከሆነ ፊደሉ ማታ ተለቅሞ ጠዋት መንገድ ላይ ሊሸጥ ይችላል።

በውስጡ ያልገባ ነገር የለም። የፓርላማ ንግግር አለ፣ ስብከት አለ፣ ጳጳሳት ይቅሩልን የሚል አቤቱታ አለ። ትንቢትና ስድብም አለ። በኦክቶበር 1641 አየርላንድ ውስጥ አመፅ ሲነሳ ስለ ግድያው የተጋነነ ወሬ በገፍ ታተመ። ይህን የፖለቲካ፣ ያን የሃይማኖት ብሎ መለየት ግን አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን በጳጳስ ትመራ ወይስ በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚለው ክርክር፣ አገር በማን ትመራ ከሚለው ጋር አንድ ላይ የተገመደ ነበር። ሰው በቅዳሴ ሥርዓት ጀምሮ በንጉሥ ሥልጣን ይጨርሳል።

ችግሩ

መጀመሪያ፣ ፓምፍሌቱ እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ አይደለም። የዘመኑ ቤተ መጻሕፍትም እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ አይፈልጉትም ነበር። የኦክስፎርዱን ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ያቋቋመው ሰው እንኳ ርካሽ ትናንሽ ሕትመቶች እንዳይገቡበት ይከላከል ነበር።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። የፊት ገጹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ዓመቱ ብቻ ነው። ነገር በየሳምንቱ በሚገለባበጥበት ጊዜ «1642» የሚል ብቻ ያለው ወረቀት ከጦርነቱ በፊት ይውጣ በኋላ አይታወቅም። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ሕጋዊ ዓመት የሚለወጠው በማርች 25 ነበር። ቀዳማዊ ቻርልስ የተገደሉበት ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ራሱ በሁለት ዓመት ይጻፋል፤ ዛሬ ጃንዋሪ 30፣ 1649 የምንለውን ቀን የዚያን ጊዜ ሰው 1648 ብሎ ይጽፈዋል። ደብዳቤ በጻፉ ቁጥር «እ.ኤ.አ. ነው ወይስ ዓ.ም.?» ለሚባሉ ለኛ ይህ ችግር እንግዳ አይሆንብንም።

ሦስተኛ፣ ደራሲው ስሙን ይደብቃል፣ አታሚውም እንዲሁ። የሐሰት የማተሚያ ቦታ የተጻፈበትም አለ። ንጉሡ ከ1642 መጨረሻ ጀምሮ መቀመጫቸው ኦክስፎርድ ስለነበር፣ ለንደን ውስጥ በድብቅ የታተመ የንጉሡ ደጋፊዎች ጽሑፍ «ኦክስፎርድ ታተመ» ይላል።

በመጨረሻ፣ መያዙ ራሱ ያስጠረጥራል። ዛሬ የተፈቀደው ወረቀት ነገ ሌላ ወገን ሥልጣን ሲይዝ የወንጀል ማስረጃ ነው። በአብዮቱ ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. አሰሳ፣ ቤቱ ያለውን ወረቀት ያቃጠለ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ቶማሰን ሱቁ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ግቢ፣ የለንደን መጽሐፍ ሻጮች በተሰበሰቡበት ሰፈር ነበር። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ወረቀቱን ፍለጋ መዞር አይጠበቅበትም፤ አብዛኛው በደጁ ያልፋል። በእምነቱ ፕሬስቢቴሪያን፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌዎች ጉባኤ ትመራ ከሚሉት ወገን ነው፤ መጀመሪያ ላይ የፓርላማው ወገን ነበር።

በ1640 መጨረሻ፣ ፓርላማው ሲሰበሰብ አካባቢ፣ መሰብሰብ ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓምፍሌት ሲገባ በፊት ገጹ ላይ ቀንና ወር በእጁ ይጽፋል። የተሰወረውን ደራሲ ካወቀ ስሙን ይጨምራል። አንዳንዴ አስተያየት ጣል ያደርጋል። ከዚያ በመጠንና በቀን ቅደም ተከተል እየደረደረ ያስጠርዛል። በርዕስ አልከፋፈለም፤ የወዳጅና የጠላት ብሎም አልለየም። የጠላውም የወደደውም በአንድ ጥራዝ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰፍቷል። ለማተም የማይደፈሩ ጽሑፎችንም በእጅ ግልባጭ ያዘ፤ ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ንጉሡን የሚደግፉ ናቸው።

ደራሲዎችም ያውቁት ነበር። ገጣሚው ጆን ሚልተን አርዮፓጂቲካ የተባለውን የቅድመ ምርመራ ተቃውሞውን በኖቬምበር 1644 ሲያወጣ ለቶማሰን አንድ ቅጂ ሰጠው። ቅጂው ዛሬም አለ፤ ላዩ ላይ «ከደራሲው የተሰጠ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ይነበባል። የሚገርመው፣ ሚልተን የተቃወመውን ሕግ ያወጣው ንጉሡ ሳይሆን ፓርላማው ነው። ስታር ቻምበርን ካፈረሰ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በጁን 1643፣ ፓርላማው ራሱ ቅድመ ምርመራን መልሶ አመጣ።

በ1647 ደግሞ ያልታሰበ ተዋሽ መጣ። ንጉሡ በፓርላማው ጦር ሠራዊት እጅ ሳሉ አንድ የ1643 ጽሑፍ ፈለጉ፤ ሌላ ቦታ ጠፋ። ቶማሰን ጋ እንዳለ ሲሰማ ሰው ተላከበት። ጽሑፉ ከሌሎች ጋር ተጠርዞ ስለነበር ጥራዙ በሙሉ መውጣት ነበረበት። ቶማሰን ቅር እያለው አዋሰ። ንጉሡ በኖቬምበር ወደ ዋይት ደሴት ሲሸሹ ጥራዙ ጭቃ ላይ ወደቀ። ቢሆንም ተመለሰ። ቶማሰን ታሪኩን እዚያው ጽፎ፣ የጭቃውን ምልክት ሌላ ጥራዝ የሌለው ክብር አድርጎ ቆጠረው።

መደበቁ

ስብስቡ እያደገ ሲሄድ ሱቅ ውስጥ ማስቀመጥ አስፈሪ ሆነ። ቶማሰን ራሱ በኋላ በጻፈው መግለጫ መሠረት፣ ሠራዊቱ ወደ ሰሜን በሄደ ጊዜ ጥራዞቹን በሣጥን እያደረገ በየሳምንቱ አንድ ሁለቱን ሱሪ በተባለው አውራጃ ወዳለ ታማኝ ወዳጁ ላከ። ሠራዊቱ ወደ ምዕራብ ሲዞር በዚያ በኩል ይመለሳል ብሎ ፈርቶ አስመጣቸው። ቀጥሎ ኤሴክስ ወደተባለው አውራጃ ላካቸው፤ ሠራዊቱ ወደዚያም ሲጠጋ እንደገና አስመጣቸው። ሆላንድ ልኮ ለማዳን አሰበና መርከቡ ቢሰጥምስ ብሎ ተወው። በመጨረሻ በራሱ መጋዘን በየክፍሉ ዙሪያ እንደ ጠረጴዛ ደርድሮ በሸራ ሸፈናቸው።

ሌላም ዘዴ ነበረው። ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንደተሸጠ አስመስሎ የ1,000 ፓውንድ ቅድሚያ ክፍያ ደረሰኝ አዘጋጀ። መንግሥት ሊወርሰው ቢመጣ ደረሰኙ ወደ ኦክስፎርድ ይላካል፤ ዩኒቨርሲቲው «ንብረቱ የኔ ነው» ብሎ ይከራከራል። ከአንድ ነጋዴ ይልቅ ተቋም ጉልበት እንዳለው በደንብ ገብቶታል።

ይህን መግለጫ ሙሉ በሙሉ አምኜ አልቀበለውም። የተጻፈው ንጉሣዊው መንግሥት ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ ገዥ የሚፈልግ ሻጭ ነው። የፓርላማ ወገን ሆኖ የጀመረ ሰው፣ ሁሉንም ያደረግኩት የንጉሡን መመለስ እየናፈቅኩ ነው ሲል ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ያም ሆኖ አመለካከቱ በመሐል መለወጡ እውነት ነው። በ1651 ለንጉሡ ልጅ ይሠራሉ ከተባሉ ፕሬስቢቴሪያኖች ጋር ተያይዞ ታስሯል፤ በራሱ አባባል ከሰባት ሳምንት በላይ። የዚያ ሴራ ዋና ተከሳሽ የነበረው ሰባኪ በኦገስት አንገቱ ተቀልቷል። ቶማሰን ተፈታ። ስብስቡም በእነዚያ ወራት አልተቋረጠም።

ሥራውን ያቆመው በ1661፣ ዳግማዊ ቻርልስ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ነው። ያኔ የተጠራቀመው በኋላ ሲቆጠር 14,942 ፓምፍሌት፣ 7,216 ጋዜጣና 97 የእጅ ጽሑፍ፣ በድምሩ 22,255 ሆኗል። ጥራዞቹ ከ2,000 በላይ ናቸው። የእጅ ጽሑፍ ካታሎጉ ራሱ 12 ጥራዝ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ቀኑ ነው። የ1640ዎቹን ክርክር ዛሬ በሳምንት በሳምንት መከታተል የሚቻለው በቶማሰን እጅ በተጻፉት ቀኖች ምክንያት ነው። ማን ለማን እንደመለሰ፣ የትኛው ወሬ ከየትኛው እንደቀደመ ከነሱ ይታያል። ሳይመርጥ መያዙም ሠርቷል። በዘመኑ አንድ የተማረ ሰው ምረጥ ቢባል፣ ንጉሥን የተዳፈሩትን የሌቨለሮችን ጽሑፎች ወይም መሬት የጋራ ይሁን ያሉትን የዲገሮችን ወረቀት ያስቀምጥ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ያልሠራው ነገር ከዚያው ከቀኑ ጋር ተያይዟል። ቶማሰን ቀኑን ጽሑፉ የወጣበት ቀን ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ወረቀቱ እሱ ሱቅ የደረሰበት ቀን ነው። ለንደን ውስጥ ለታተመ ነገር ልዩነቱ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ግን ሊሰፋ ይችላል። ብዙ ጥናት ይህን ልዩነት ዘሎ አልፏል።

ቁጥሩም ያሳስታል። በስብስቡ ውስጥ የ1640 ፓምፍሌቶች 22 ብቻ ናቸው፤ የ1641 ደግሞ 717፣ የ1642 ደግሞ 1,966። ይህን ያየ ሰው ሕትመት በሁለት ዓመት ውስጥ 90 እጥፍ አደገ ሊል ይችላል። ሕትመት በእርግጥ ፈንድቷል። ግን በ1640 ቶማሰን ገና መጀመሩ ነበር፤ በዚያ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የታተመው ከ22 እጅግ ይበልጣል። ቁጥሩ የሰብሳቢውን ትጋትም አብሮ ይለካል።

በተቃራኒው በኩልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ፓምፍሌቱ በ1643 ወደ 1,091፣ በ1644 ወደ 692 ይወርዳል። ቅድመ ምርመራው ሠራ ብሎ መደምደም ያጓጓል። በነዚያው ዓመታት ግን ጋዜጣው ከ167 ወደ 402፣ ከዚያ ወደ 673 ወጥቷል። ጋዜጣ ማለት በየሳምንቱ የሚወጣ ትንሽ የወሬ ቅጽ ነው። ሰው ዝም ከማለት ይልቅ መልኩን የለወጠ ይመስላል።

ቦታውም ወስኖታል። ስብስቡ የለንደን ስብስብ ነው። ክፍለ ሀገርና ስኮትላንድ የታተመው ያንሳል። ክዌከሮች የተባሉ የሃይማኖት ወገኖች በ1650ዎቹ በብዛት ያሳተሙት ጽሑፍም በሚገባው ልክ አልገባም።

ትልቁ ውድቀት ግን የሽያጩ ነው። ቶማሰን በ1666 ገዥ ሳያገኝ ሞተ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የለንደን ታላቅ እሳት የቅዱስ ጳውሎስ ግቢ መጽሐፍ ሻጮችን ክምችት አጠፋ፤ ስብስቡ ተረፈ። በኋላ የንጉሡ ጠራዥ ሳሙኤል ሜርን ለዳግማዊ ቻርልስ ብሎ ገዛው። ቤተ መንግሥቱ ገንዘቡን ሳይከፍለው ሜርን ሞተ። ባለቤቱ በ1684 ስብስቡን ለሌላ ልሽጠው ብላ አመለከተች፤ ተፈቀደላት፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። ሰባ ሰባት ዓመት አለፈ። በ1761 የንጉሥ ሣልሳዊ ጆርጅ ባለሟል ሎርድ ቢዩት በ300 ፓውንድ ገዙትና ወደ ንጉሡ እጅ ገባ። ንጉሡ በ1762 ቤተ መጻሕፍቱ በኋላ ብሪቲሽ ላይብረሪ ለሆነው ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጡት። ቶማሰን በሕይወት ሳለ 4,000 ፓውንድ ቀርቦለት አልበቃኝም ብሏል ይባላል። የሻጭ ወሬ ስለሆነ እሱንም እጠራጠረዋለሁ፤ 300ው ግን የተከፈለ ነው።

ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰደው

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ዋናው ነገር ቀን ሲጻፍ ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ አብሮ መጻፍ እንዳለበት ነው። የወጣበት? ያገኘሁበት? የተሸጠበት? ቶማሰን «ዛሬ ደረሰኝ» የሚሉ ሁለት ቃላት ቢጨምር ብዙ ክርክር ባልኖረ ነበር። የቴሌግራም ጽሑፍ ስክሪንሾት የሚያስቀምጥ ሰውም እዚያው ይወድቃል። ምስሉ ላይ ሰዓት አለ፣ ቀን የለም፤ ቻናሉ ነገ ይጠፋል።

አለመምረጥ ከባድ ነው፤ ቦታም ገንዘብም ይበላል። ግን የምንጠላውን ጽሑፍ ካላስቀመጥን፣ የምንወደው ጽሑፍ ለማን መልስ እየሰጠ እንደነበር ከ20 ዓመት በኋላ አይገባንም። የስድስት ኪሎ ተማሪዎችን የ1960ዎቹ ዓ.ም. ወረቀቶች የያዘ ሰው ካለ የተቃራኒውንም ወገን አብሮ ይያዝ።

ስብስብ የራሱን ጉድለት መናገር አለበት። መቼ ተጀመረ፣ የት ተሰበሰበ፣ ምን አመለጠው? ይህ አንድ ገጽ ማስታወሻ ነው። ካልተጻፈ ግን ቀጣዩ ሰው 22ን እንደ ሙሉ ቁጥር ይወስደዋል።

ተቀባዩን በተመለከተ፣ ቶማሰን ተቋም እንደሚያስፈልገው አውቆ ነበር፤ ደረሰኙም ያን ያሳያል። ዋጋው ላይ ግን ሳይስማማ ዕድሜው አለቀ። ልጆቹም፣ የጠራዡ ቤተሰብም ለአንድ ክፍለ ዘመን ያህል ሸክሙን ተቀባበሉት። ጥራዞቹ ተበታትነው ቢሸጡ ኖሮ የቀን ቅደም ተከተሉ እዚያው ያበቃ ነበር፤ አንድ ላይ መቆየታቸው ከእቅድ ይልቅ የገዥ እጦት ውጤት ነው።

ጉዳዩን ራሱ ማየት ለሚፈልግ፣ ስብስቡ በማይክሮፊልም ተነሥቶ በኋላ ወደ ዲጂታል ምስል ተለውጧል። ምስሎቹ ያሉበት የመረጃ ቋት የሚከፈልበት ነው፤ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጡት ውስጥ ግን ብዙዎቹ በነፃ ይነበባሉ። በ1908 በሁለት ቅጽ የታተመው ካታሎግ በቀን የተደረደረ ስለሆነ ለመነሻ ይመቻል። የተጻፈውን ቀን ግን ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር ነው።